የአባቴ የአጎት ልጅ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የቤተሰብና የዘመድ ዝርዝር በእንግሊዝኛ ሞልቼ እንዳቀርብ ተጠይቄ አራት ሰዎች ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። አንዱ የአባቴ የአጎት ልጅ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አጎቴ እያልኩት ስላደግሁ ‹አንክል› ብዬ ጻፍኩት፤ ጓደኛዬ ግን ‹ሰከንድ ከዝን ነው› አለችኝ። ሁለተኛዋ በአባት ብቻ የምንገናኝ እህቴ ናት። ሦስተኛዋ የወንድሜ ሚስት፣ አራተኛው የሚስቴ እህት ባል። ትክክለኛዎቹ ቃላት የትኞቹ ናቸው? የእንግሊዝኛ የዝምድና አጠራር ሁልጊዜ ስለሚያምታታኝ ሰፋ አድርገው ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።»

መልሱን አስቀድሜ ልስጥዎትና ወደ ምክንያቱ እመለሳለሁ። የአባትዎ የአጎት ልጅ «ፈርስት ከዝን ዋንስ ሪሙቭድ» ነው፤ አንክልም ሰከንድ ከዝንም አይደለም። በአባት የምትገናኟት እህትዎ «ሃፍ ሲስተር» ናት፤ «ስቴፕ ሲስተር» ብለው እንዳይጽፉ አደራ። የወንድምዎ ሚስት «ሲስተር ኢን ሎው» ናት። የሚስትዎ እህት ባል አብዛኛውን ጊዜ «ብራዘር ኢን ሎው» ይባላል፤ እሱ ላይ ግን ኋላ የምጨምረው አለኝ።

ሰነድ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ በመተርጎም ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ወደ ሥራው አዲስ የሚገባ ሰው የሚፈራው የሕግና የሕክምና ቃል ነው። እኔ ግን ዛሬም ቆም የምለው «ወንድሙ»፣ «አጎቷ»፣ «አማቹ» የሚል ቃል ሲመጣ ነው። የሕክምናው ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ተቀምጧል፤ ይፈለጋል፣ ይገኛል፣ ያልቃል። «ወንድሙ» ግን የአንድ አባትና እናት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኝ ሊሆን ይችላል፤ የአክስት ልጅ ወይም አብሮ ያደገ ሰውም ሊሆን ይችላል። አማርኛ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ያቅፈዋል። እንግሊዝኛው ስም የሚያወጣው ሰውየው በትውልድ ሐረጉ ላይ ለቆመበት ቦታ ነው። ምን ያህል እንደሚቀርብዎት፣ በዕድሜ እንደሚበልጥዎት፣ ያሳደገዎት እሱ ስለመሆኑ አይጠይቅም።

ስለዚህ ቃሉን ከመፈለግ በፊት ሐረጉን መሳል ያስፈልጋል። ከሰነዱ አጠገብ ሁልጊዜ አንድ ባዶ ወረቀት አኖራለሁ። የሥነ ሰብ ባለሙያዎች እንደሚያደርጉት ወንዱን በሦስት ማዕዘን፣ ሴቷን በክብ እስላለሁ፤ ጋብቻን በሁለት አጫጭር ትይዩ መስመሮች፣ ልጅን ወደ ታች በሚወርድ መስመር። ሥዕሉ ሲያልቅ ጥያቄው ግማሹ ተመልሷል፤ ሁለቱ ሰዎች በማን በኩል እንደሚገናኙ፣ በደም ይሁን በጋብቻ፣ ስንት ትውልድ እንደሚራራቁ ዓይን ያየዋል። እርስዎም የአራቱን ሰዎች ሥዕል አሁኑኑ ቢሠሩ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይቀልልዎታል።

ከከዝን ልጀምር፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያወዛግበው እሱ ነው። «ከዝን» የአጎትን ልጅና የአክስትን ልጅ፣ የእናት ወገንንና የአባት ወገንን፣ ወንዱንና ሴቷን ሁሉ ይጠቀልላል። አንድ ሰው በእንግሊዝኛ «ከዝኔ መጣ» ሲል ወንድ ይሁን ሴት የምናውቀው ቀጥሎ «ሂ» ወይም «ሺ» ሲል ነው። ወገኑን መግለጽ ከፈለጉ «ኦን ማይ ማዘርስ ሳይድ»፣ «ኦን ማይ ፋዘርስ ሳይድ» ብለው ይጨምሩበታል፤ በመደበኛ ጽሑፍ ደግሞ «ማተርናል» እና «ፓተርናል» የሚሉት ቃላት አሉ።

ከዚያ ራቅ ሲል ቁጥር ይመጣል። ደንቡ ይህ ነው፦ ሁለታችሁን የሚያገናኛችሁን የቅርብ ወላጅ ያግኙ። ከእርስዎ ተነስተው እሱ ጋር እስኪደርሱ ስንት እርከን እንደወጡ ይቁጠሩ። ከዘመድዎ ተነስተውም እንዲሁ ይቁጠሩ። ከሁለቱ ቁጥሮች ትንሹን ይውሰዱና 1 ይቀንሱለት፤ ስንተኛ ከዝን እንደሆነ አወቁ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ «ሪሙቭድ» የሚባለው ነው። ልዩነቱ 1 ከሆነ «ዋንስ ሪሙቭድ»፣ 2 ከሆነ «ትዋይስ ሪሙቭድ»። ልዩነት ከሌለ ሪሙቭድ የሚል ነገር አይነሳም። ቃሉ ለአማርኛ ጆሮ የተወገደ ዘመድ ይመስላል፤ እዚህ ላይ ግን የሚናገረው በትውልድ መራቅን ብቻ ነው። ትንሹ ቁጥር 1 ሆኖ ከተገኘ ነገሩ የከዝን አይደለም፤ ወይ ወንድምና እህት ናችሁ ወይ አንዳችሁ የሌላችሁ አጎት ወይም አክስት ናችሁ።

የእርስዎን ጉዳይ በዚህ እንየው። ከእርስዎ ወደ አባትዎ 1፣ ወደ አያትዎ 2፣ ወደ ቅድመ አያትዎ 3። ያኛው ሰው የአባትዎ አጎት ልጅ ስለሆነ ከእሱ ወደ አባቱ 1፣ ወደ እርስዎ ቅድመ አያት 2። ትንሹ 2 ነው፤ 1 ሲቀነስ 1 ይቀራል፤ ፈርስት ከዝን። ልዩነቱ 1፤ ዋንስ ሪሙቭድ። ጓደኛዎ የሳቱት በአንድ ትውልድ ብቻ ነው፤ የእርስዎ ሰከንድ ከዝን የዚህ ሰው ልጅ ነው፤ ከእሱም ከእርስዎም ሲቆጠር 3 እና 3 ይመጣል። ይህ ስሕተት የእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ ሰዎችም የከዝናቸውን ልጅ ሰከንድ ከዝን ሲሉ መስማት የተለመደ ነው።

እዚህ ላይ እንግሊዝኛው ራሱ የሚደክምበት ቦታ አለ። የአባትዎ የአጎት ልጅ ፈርስት ከዝን ዋንስ ሪሙቭድ ነው ብለናል። የእርስዎ የአጎት ልጅ የወለደችው ሕፃንስ? ከእርስዎ 2፣ ከሕፃኑ 3፤ ትንሹ 2፣ ልዩነቱ 1። ስሙ ያው ነው! የ70 ዓመት አዛውንትና የ7 ወር ሕፃን፣ አንዱ ከእርስዎ አንድ ትውልድ በላይ፣ ሌላው አንድ ትውልድ በታች፣ በእንግሊዝኛ አንድ ስም ይዘዋል። ለዚህ ነው ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን የሚፈለግ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ዘርዝሬ የምጽፈው፦ «ማይ ፋዘርስ ፈርስት ከዝን»። ይህ ሐረግ ስሕተት የለበትም፣ ማንም አንባቢ ቆሞ አይቆጥርም፣ አቅጣጫውንም ይናገራል።

ቆጠራው በእጅዎ እንዲገባ ታሪክ የመዘገባቸውን ሰዎች ይሞክሩበት። ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊትና በ1947 ያገቡት ልዑል ፊሊፕ ሁለቱም ከንግሥት ቪክቶሪያ የሚወለዱ ናቸው። ኤልሳቤጥ በጆርጅ ስድስተኛ፣ በጆርጅ አምስተኛና በኤድዋርድ ሰባተኛ በኩል ወደ ቪክቶሪያ ሲወጡ 4 እርከን ነው፤ ፊሊፕም በእናታቸው በኩል 4። ስለዚህ ሰርድ ከዝን ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም ከዴንማርኩ ንጉሥ ከክርስቲያን ዘጠነኛም ይወለዳሉ፤ በዚያ በኩል ከኤልሳቤጥ 4፣ ከፊሊፕ 3 ስለሆነ ሰከንድ ከዝን ዋንስ ሪሙቭድ ይሆናሉ። ሁለቱም መልስ በአንድ ጊዜ እውነት ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ መንገድ ብቻ ይዛመዳሉ የሚል ሕግ የለም፤ ሲጠየቁ ግን ቅርቡን መንገድ መናገር የተለመደ ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቴዎዶር ሩዝቬልትና ፍራንክሊን ሩዝቬልት ደግሞ ፊፍዝ ከዝን ነበሩ። ፍራንክሊን በ1905 ያገቧት ኤሌኖር የቴዎዶር ወንድም ልጅ ናት፤ ከቴዎዶር አንድ ትውልድ ዝቅ ስለምትል ለባሏ ፊፍዝ ከዝን ዋንስ ሪሙቭድ ሆነች። ይህን ያለ ወረቀት ማስላት ከቻሉ ከእንግዲህ የሚያቅትዎት ከዝን አይኖርም።

አሁን ወደ «አንክል» እንምጣ፤ የእርስዎ ስሕተት የተነሳው ከዚያ ነውና። እንግሊዝኛ ዛሬ ለእናት ወንድምና ለአባት ወንድም አንድ ቃል ብቻ አለው፤ አማርኛም ሁለቱን አጎት ይላል። ጥንት ግን እንዲህ አልነበረም። የጥንቱ እንግሊዝኛ የእናትን ወንድም «ኤአም»፣ የአባትን ወንድም «ፈደራ»፣ የእናትን እህት «ሞድሪዬ»፣ የአባትን እህት «ፋቱ» እያለ አራቱን በአራት ስም ይጠራ ነበር። በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በቤተ መንግሥትና በፍርድ ቤት የሚነገረው ፈረንሳይኛ ሆነ፤ ቀስ በቀስም «አንክል»፣ «አንት»፣ «ከዝን»፣ «ኔፊው» እና «ኒስ» የሚሉት ቃላት ገብተው አሮጌዎቹን ገፉ። የሚገርመኝ የእነዚህ ቃላት ሥር ነው። አንክል ከመጣበት የላቲን ቃል የእናት ወንድም ማለት ነበር እንጂ የአባት አልነበረም። አንት የመጣችበት ደግሞ የአባት እህት ማለት ነበር። ከዝን የእናት እህት ልጅ ነበር። ሦስቱም ወገናቸውን በመንገድ ላይ ጥለው ሁሉንም የሚያቅፉ ሆኑ። ፋዘር፣ ማዘር፣ ብራዘር፣ ሲስተር፣ ሰን፣ ዶተር ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። የቤት ውስጦቹ ስሞች የአገር በቀሉ ቋንቋ ሆነው ሲቀሩ ከቤት ወጣ ያሉት በባዕድ ቃል ተተኩ ማለት ነው።

«ኔፊው» የራሱ ታሪክ አለው። የላቲኑ ሥር የልጅ ልጅም የወንድም ልጅም ማለት ነበር፤ እንግሊዝኛውም ለረጅም ጊዜ ሁለቱንም ይዞ ቆይቷል። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ አንደኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 5 ቁጥር 4 ላይ ስለ መበለት ሲናገር «ልጆች ወይም ኔፊዎች» ይላል፤ በአማርኛው «ልጆች ወይም የልጅ ልጆች» የሚለው ነው። የጥንት ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ይህን ካላወቀ ዝምድናውን አዛብቶ ይረዳል። ዛሬ ኔፊው የወንድም ወይም የእህት ወንድ ልጅ፣ ኒስ ደግሞ የወንድም ወይም የእህት ሴት ልጅ ብቻ ናቸው። አማርኛው በማን በኩል እንደሆነ ይነግረናል፣ ጾታውን ይተወዋል፤ እንግሊዝኛው ጾታውን ይነግረናል፣ በማን በኩል እንደሆነ ይተወዋል። ስለዚህ «የእህቴ ልጅ» የሚል ጽሑፍ ሲደርሰኝ ወንድ ይሁን ሴት ሳልጠይቅ መተርጎም አልችልም። ሲጽፉ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ከ«ኒስ» ውስጥ የመጀመሪያዋ «ኢ» ከወደቀች ቃሉ «ናይስ» ይሆናል፤ ኮምፒውተሩም ትክክለኛ ቃል ስለሆነ አያርመውም።

ታዲያ የአባትዎን የአጎት ልጅ አንክል ማለት ነውር ነው? በንግግር ፈጽሞ አይደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም የወላጆቻቸውን ከዝን፣ አንዳንዴም የወላጆቻቸውን የቅርብ ጓደኛ «አንክል» ብለው ከስሙ ጋር ይጠራሉ። መጠሪያና ማዕረግ አንድ ነገር ነው፤ ዝምድናውን ለሦስተኛ ወገን መመስከር ሌላ ነገር ነው። ቅጽ ላይ አንክል ሲሉ «የወላጄ ወንድም ነው» ብለው መመስከርዎ ነው። የሰውየው አባት ከእርስዎ አያት ጋር ስማቸው ሳይገጥም ሲቀር ደግሞ ጥያቄ ይነሳል።

የአያት ወንድምም እንዲሁ ነው። በአማርኛ እሱንም አያቴ እንላለን፤ በእንግሊዝኛ «ግሬት አንክል» ነው፣ «ግራንድ አንክል» የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም ትክክል ነው። ወደ ላይ ለሚወጣው ሐረግ እንግሊዝኛ ብዙ አልተጨነቀም፤ ቅድመ አያት «ግሬት ግራንድፋዘር» ወይም «ግሬት ግራንድማዘር» ይሆናል፣ ከዚያ በላይ እያንዳንዱ ትውልድ አንድ «ግሬት» ይጨመርለታል። አማርኛ ምንዥላት፣ እንጅላት እያለ ለየእርከኑ የራሱን ስም ሲያወጣ እንግሊዝኛው ያንኑ ቃል ይደጋግማል። ለትርጉም ግን ምቹ ነው፤ ግሬቶቹን መቁጠር ብቻ ነው።

የዝምድናን አጠራር እንደ ሳይንስ ማጥናት የጀመሩት አሜሪካዊው የሕግ ባለሙያ ሉዊስ ሄንሪ ሞርጋን ናቸው፤ በ1871 ባሳተሙት ሰፊ ጥናት የብዙ ሕዝቦችን አጠራር ጎን ለጎን አቆሙት። ያነሳሳቸው አንድ ነገር ነበር፦ ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የሴኔካ ሕዝብ የአባትን ወንድም ‹አባት› ብሎ ነው የሚጠራው። ለእኔ የሞርጋን ሥራ ያስተማረኝ፣ የትኛውም ቋንቋ ዘመዶችን ሁሉ ለያይቶ እንደማይጠራ ነው፤ እያንዳንዱ የሚለያየውንና የሚያደባልቀውን መርጧል። እንግሊዝኛ የመረጠው ወላጅን፣ ልጅን፣ ወንድምንና እህትን በጥብቅ ለይቶ ሌላውን ባንድነት መጠቅለል ነው።

ሁለተኛው ሰው ላይ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ራሴ ተሳስቼ አይቻለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሰው የወራሾች ዝርዝር ይዞልኝ መጣ። ከስሞቹ በአንዱ ትይዩ «በአባት የሚገናኝ ወንድም» ተብሎ ተጽፏል። እኔ «ስቴፕ ብራዘር» ብዬ ተረጎምኩት። ወረቀቱ ከሳምንታት በኋላ ተመለሰ፤ ከገጹ ጠርዝ ላይ፣ ከዚያች ቃል ትይዩ፣ በእርሳስ የተደረገች አንዲት ትንሽ የጥያቄ ምልክት ነበረች። ሌላ ምንም አልተጻፈም። የሁለቱም ሰዎች የአባት ስም አንድ ሆኖ ሳለ ትርጉሙ በደም አይገናኙም ይላል። ሰውየው ወረፋውን እንደገና ጀመረ። ያችን የጥያቄ ምልክት እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ልዩነቱ ይህ ነው፦ «ሃፍ» በአንድ ወላጅ የሚገናኙ፣ ደም የሚጋሩ ናቸው። «ስቴፕ» በወላጆች ጋብቻ ምክንያት ብቻ የተገናኙ፣ ደም የማይጋሩ ናቸው። እንጀራ አባትና እንጀራ እናት ያለ ጥርጥር «ስቴፕ ፋዘር» እና «ስቴፕ ማዘር» ናቸው። ወጥመዱ ያለው ልጆቻቸው ላይ ነው። እንጀራ እናትዎ ከአባትዎ የወለዷት ልጅ ሃፍ ሲስተር ናት። እኚሁ እንጀራ እናት አባትዎን ከማግባታቸው በፊት ከሌላ ሰው የወለዷት ልጅ ስቴፕ ሲስተር ናት። በአንድ ቤት፣ ከአንዲት እናት ማኅፀን የወጡ ሁለት እህትማማቾች ለእርስዎ በሁለት የተለያየ ስም ይጠራሉ። «ስቴፕ» የሚለው ቃል መነሻው ማጣትን የሚናገር ነው፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ የስቴፕ ልጅ ማለት ወላጅ የሞተበት ልጅ ማለት ነበር።

የዘረመል ምርመራ በተስፋፋበት በዚህ ዘመን ነገሩ የቃል ምርጫ ብቻ አይደለም። ከአንድ አባትና እናት የተወለዱ በአማካይ 50 በመቶ የዘር ውርስ ይጋራሉ፤ ሃፍ የሆኑት 25 በመቶ፤ ፈርስት ከዝን 12.5 በመቶ፤ የእርስዎና የአባትዎ የአጎት ልጅ ዓይነት ዝምድና 6.25 በመቶ። ስቴፕ የሆኑት በዚያ ዝምድናቸው ምንም አይጋሩም። አያትና የልጅ ልጅ፣ አጎትና የእህት ልጅም 25 በመቶ ስለሚጋሩ፣ መቶኛው ብቻውን ሃፍ ሲስተርን ከአክስት አይለይም፤ በወረቀቱ ላይ ያሰፈሩት ቃል የሚመዘነው ለዚህም ነው።

አንዳንድ ሰዎች እህታቸውን ሃፍ ብለው መጻፍ ይከብዳቸዋል፤ ግማሽ እህት ማለት የፍቅር መጓደል ይመስላቸዋል። ስሜቱ ይገባኛል። በንግግር «ማይ ሲስተር» ይበሉ፤ እንግሊዞቹም እንዲሁ ነው የሚሉት፣ ማንም አያርምዎትም። ቅጹ ላይ ግን ቃሉ የሚናገረው ስንት ወላጅ እንደምትጋሩ ብቻ ነው።

ቀጥሎ «ኢን ሎው»። ቃል በቃል በሕግ ማለት ነው፤ ሕጉ ግን የመንግሥት ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ሕግ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ቀኖና ሰው ሲያገባ የሚስቱ ዘመዶች ለእሱ እንደ ሥጋ ዘመድ ስለሚቆጠሩ እነሱን ማግባት አይችልም ይል ነበር፤ የሚስት እህት በሕግ እህት ሆነች ማለት ነው። በእንግሊዝ በ1563 የወጣው ሰንጠረዥ ማን ማንን ማግባት እንደማይችል ዘመድ በዘመድ ይዘረዝር ነበር። ሚስቱ የሞተችበት ሰው እህቷን እንዲያገባ በዚያ አገር ሕግ የተፈቀደው በ1907 ነው፤ የሞተ ወንድምን ሚስት ማግባት ደግሞ በ1921። ቃሉ የያዘው ትርጉም ያን ያህል ጥብቅ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፉ ልብ ወለዶች ውስጥ «ማዘር ኢን ሎው» እንጀራ እናትን ሲያመለክት ካገኛችሁም አትደንግጡ፤ ያኔ እንዲያም ይባል ነበር።

በአማርኛ አማት፣ አማች፣ ምራት፣ ዋርሳ እያልን የምንለያቸውን እንግሊዝኛው በአንድ ጅራት ይቀጥላቸዋል። አማትዎ ወንድ ከሆኑ «ፋዘር ኢን ሎው»፣ ሴት ከሆኑ «ማዘር ኢን ሎው» ናቸው። ምራት «ዶተር ኢን ሎው» ናት። አማች ሰፊ ቃል ነው፤ የልጅዎን ባል ማለትዎ ከሆነ «ሰን ኢን ሎው»፣ የእህትዎን ባል ማለትዎ ከሆነ «ብራዘር ኢን ሎው»። ዋርሳ ደግሞ እንደ ጾታው ብራዘር ኢን ሎው ወይም ሲስተር ኢን ሎው ይሆናል። የወንድምዎ ሚስትና የሚስትዎ እህት በእንግሊዝኛ አንድ ስም አላቸው፤ አንዷ በደም ዘመድዎ በኩል የመጣች፣ ሌላዋ በትዳርዎ በኩል የመጣች መሆኗ ከቃሉ አይታወቅም።

አራተኛው ሰው፣ የሚስትዎ እህት ባል፣ ድንበር ላይ የቆመ ነው። በእርስዎና በእሱ መካከል ሁለት ጋብቻ አለ። ብዙ መዝገበ ቃላት ብራዘር ኢን ሎው ብለው ይቀበሉታል፣ ሰውም በየዕለቱ እንዲሁ ይለዋል፤ ጠበቅ የሚያደርጉ ሰዎች ግን አይቀበሉትም። እኔ በንግግር ብራዘር ኢን ሎው እላለሁ፣ በሰነድ ላይ ግን «ማይ ዋይፍስ ሲስተርስ ሃዝባንድ» ብዬ እጽፋለሁ። የልጅዎን አማትና የልጅዎን ወላጆች የሚያስተሳስረው ዝምድና ደግሞ በእንግሊዝኛ የዘወትር ስም የለውም፤ «ማይ ዶተርስ ማዘር ኢን ሎው» ብሎ መዘርዘር ነው። የብዙ ቁጥሩን ነገር በዚያው ላንሳ፤ «ማዘርስ ኢን ሎው» ነው የሚባለው፣ «ማዘር ኢን ሎውስ» አይደለም፤ ባለቤትነትን ሲያመለክቱ ግን ምልክቷ መጨረሻ ላይ ትሄዳለች።

እግረ መንገዴን ቅጽ ላይ ዘወትር የማርማቸውን ጥቂት ነገሮች ልጥቀስ። «ለእናታችሁ ስንት ናችሁ?» ስንባል ራሳችንን ጨምረን ነው የምንቆጥረው። በእንግሊዝኛ «ሲብሊንግ»፣ ማለትም ወንድምና እህት፣ ስንት አለህ ሲባል ግን ተጠያቂው አይቆጠርም፤ ስድስት ከሆናችሁ መልሱ 5 ነው። «ቤተሰቦቼ» ብለን አባትና እናትን ማለታችን የተለመደ ነው፤ «ማይ ፋሚሊስ» ብለው እንዳይጽፉት፤ ወላጆች «ፓረንትስ» ናቸው። «ሞግዚት» የሚለው ቃል ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው። በፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ሕግ ለልጁ ኃላፊነት የሰጠው ሰው ነው፤ «ጋርዲያን» ይባላል። በየቤቱ ግን ሕፃን የምትጠብቅ ተቀጣሪ ናት፤ «ናኒ»። የትኛው እንደሆነ ሳያጣሩ መተርጎም አይቻልም።

ሁለት ቃላት ግን ደስ ስለሚሉኝ ሳልነግርዎት አላልፍም። «ሃዝባንድ» ከጥንቱ የስካንዲኔቪያ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ፍቺው የቤት ባለቤት ማለት ነው። እኛ «ባለቤቴ» ስንል የምንለው ራሱ! ልዩነቱ የእኛ ባልንም ሚስትንም መጥራቱ ነው፤ ለዚያ እንግሊዝኛው «ስፓውስ» የሚል ሌላ ቃል ይዟል። ሁለተኛው አበልጅ ነው። የክርስትና አባትና እናት «ጎድፋዘር» እና «ጎድማዘር» ናቸው፤ አበልጅ ለሚለው ግን የዛሬው እንግሊዝኛ ተራ ቃል የለውም። ድሮ ነበረው፤ «ጎድሲብ» ይባል ነበር፣ በክርስትና የተገኘ ዘመድ ማለት ነው። ቃሉ እየዋለ እያደረ የልብ ወዳጅ፣ ከዚያ ከወዳጅ ጋር የሚወራ ወሬ ማለት ሆነና ዛሬ «ጎሲፕ» የምንለው ሐሜት ሆኖ ቀረ። ስለዚህ አበልጅዎን በእንግሊዝኛ ሲያስተዋውቁ «የልጄ ጎድማዘር ናት» ወይም «የጎድሰኔ እናት ናት» ብለው እንደ አቅጣጫው ይናገሩ።

እንግዲህ ዝርዝርዎን እንዲህ ይሙሉት። የአባትዎ የአጎት ልጅ ትይዩ «ፈርስት ከዝን ዋንስ ሪሙቭድ» ብለው ይጻፉ፣ ቀጥሎ በሰረዝ «ፋዘርስ ፈርስት ከዝን» ብለው አቅጣጫውን ያሳዩ። ለእህትዎ «ሃፍ ሲስተር»፣ ቀጥሎ «ሴም ፋዘር»። ለወንድምዎ ሚስት «ሲስተር ኢን ሎው»፣ ቀጥሎ «ብራዘርስ ዋይፍ»። ለአራተኛው «ዋይፍስ ሲስተርስ ሃዝባንድ» ብቻ ይበቃል። ሳጥኑ ጠቦ ሁለቱን አልይዝ ካለ የተዘረዘረውን ብቻ ይጻፉና የዝምድና ስሙን ይሠርዙ፤ ለእህትዎ ብቻ ግን «ሃፍ ሲስተር» የሚለው ይቅደም። ከመላክዎ በፊት ደግሞ ከዚህ ቀደም የሰጡትን ሌላ ወረቀት ያውጡና እነዚሁ ሰዎች እዚያ ላይ በምን ስም እንደሰፈሩ ያስተያዩ፤ በአንዱ አንክል፣ በሌላው ከዝን ተብሎ ከተገኘ ያኛውንም አብረው ያርሙት።